አምስት ጭረት ያለው መዝጊያ

ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ቤት ግቢ ውስጥ... ጋሽ ሙሳ የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ መሯቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ቆመዋል።

«የአሉሚኒየሙ ሰው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«ሰኞ።»

«እንግዲያው ሁለት ቀን አለን።»

እናቴ የምትኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ድሮ ለባቡር ሠራተኞች በተሠራ ቤት ነው። ቤቱ አራት መስኮት አለው፤ እያንዳንዱ መስኮት ሁለት የእንጨት መዝጊያ። በሰንጣቃው አየር ይገባል፣ ፀሐይ ግን አይገባም። ችግሩ... ከሃያ ዓመት በላይ አንዱም ገጥሞ ተዘግቶ አያውቅም። ነፋስ በተነሳ ቁጥር በክፍተቱ የሚገባው አቧራ እናቴ አልጋ ላይ ነው። በሲባጎ ታስራለች፣ ጨርቅ ትወትፋለች፣ ስትስል ታድራለች።

ወንድሜ «እንጨቱ ጠሟል፣ ይነቀልና አሉሚኒየም ይግባ» ብሎ ወሰነ። እናቴ ደግሞ «በድሬ ሙቀት መስታወት ውስጥ ልትቀቅሉኝ ነው?» ብላ አኮረፈች። ጋሽ ሙሳን የጠራኋቸው እሷን ለማባበል ያህል ነበር። የባቡር ፉርጎ ወንበር ሲሠሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው።

አንዱን መዝጊያ ወደ ላይ አንስተው ከማጠፊያው አወጡትና አናቱን ፋቁ። አረንጓዴ ቀለም... ከሥሩ ሰማያዊ... ከሥሩ ግራጫ። ከዚያ እንጨቱ ላይ በመሮ የተቆረጡ ሦስት ጭረቶች ወጡ። መቃኑን ሲፍቁ ግን ሰባት ጭረት አገኙ።

«አልጠመመም» አሉ ቀና ብለው። «ያለ ቦታው ነው የተሰቀለው። ያኔ ሁሉም በእጅ ነው የሚላገው፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። ለዚህ ነው ቁጥር የሚቆረጥለት። ማነው ያወላለቃቸው?»

እኔ ነኝ።

የእህቴ ሠርግ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ግንቦት ላይ ነበር። በሙቀት ወራት እንግዳ ሲበዛ መዝጊያ አውልቆ ብሎኬት ላይ አጋድሞ፣ ፍራሽ ጣል አድርጎ ግቢ ውስጥ መተኛት የሰፈራችን ልማድ ነው። በማግስቱ መልሼ የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ፤ እጄ ላይ እንደመጣልኝ። ይህን ስናገር እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አስተያየቷ በቂ ነበር።

ፋቅን፣ ቆጠርን፣ አቀያየርን። ሦስት ሦስት ላይ ሲቀመጥ መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘጋ። ሰባት... አንድ... ስድስት... ሁሉም ግጥም፣ ግጥም። ለሁለት የተሰበረ ማጠፊያና ለጥቂት ዘይት ካልሆነ የወጣ ገንዘብ የለም።

የእናቴ መኝታ ቤት ላይ ስንደርስ ቆምን። መቃኑ አምስት ጭረት አለው። የቀረን መዝጊያ ደግሞ ዘጠኝ። ስምንት መዝጊያ ባለው ቤት ዘጠኝ ከየት መጣ?

ጋሽ ሙሳ ግድግዳ ወደምንጋራት ጎረቤታችን በአገጫቸው ጠቆሙ። «ከስምንት በኋላ የማን ቤት ነው?»

መዝጊያውን ተሸክሜ ጎረቤታችን ኤዶ ሐሊማ ዘንድ ሄድኩ፤ በድሬ ታላቅ ሴትን ኤዶ ነው የምንለው።

«ኤዶ፣ ለሠርጉ መዝጊያ አውሰሽን ነበር?»

«አንድ አዋስኩ፣ አንድ መለሳችሁ» አለች ከሱቋ ሳትነሳ። «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሊያገባ ነው?»

የጓዳዋ መስኮት በሻሽ ታስሯል። ፈታነው፣ አወጣነው፣ ፋቅነው... አምስት። የእሷን ዘጠኝ ስንሰቅልላት ተዘጋ። ደጋግማ ከፈተች፣ ዘጋች።

«ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አናጢውን ስረግመው ኖርኩ።»

«አቦ፣ በይ አሁን ዱዓ አድርጊለት» አሏት ጋሽ ሙሳ።

አምስቱን የእናቴ መኝታ ቤት ላይ ሰቀልነው፤ ግጥም አለ። ወንድሜ ጋ ደውዬ የአሉሚኒየሙን ሰው እንዲያስቀር ነገርኩት። አላመነኝም፤ መጥቶ በእጁ ከፈተ፣ ዘጋና ለሰውየው ደወለ።

በማግስቱ ጠዋት የእናቴን አልጋ ዳሰስኩት። አቧራ የለም። «እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«ሳልስል አደርኩ» አለች። ትንሽ አሰበችና... «ግን ክፍተቱ ከተደፈነ የሐሊማን ወሬ እንግዲህ በየት በኩል ልስማ?»