አባይ ላይ የተኛው ሹፌር

አጎቴ አንሙት በሰው ሀብት አይቀናም፤ በሰው ቤትም በሰው ልጅም አይቀናም። የሚቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው፣ በይስማው። በእሱ ግን ሥራዬ ብሎ ይቀናል።

ሁለቱም ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌሮች ናቸው። በእነሱ ዘመን የመናኸሪያው በር ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲከፈት አውቶቡሶቹ ተግተልትለው ይወጡና እሽቅድምድም ይጀመራል። ትራፊክ የማይወደው፣ ተሳፋሪው ግን "በለው!" እያለ የሚያጋግለው እሽቅድምድም ነበር። ደጀን ላይ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ድልድዩን ይሻገራሉ፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ጎሃ ጽዮን ቀድሞ የገባ ትኩስ ቁርስ ይበላል። ትኩሱን ይስማው በላ። አጎቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቀዘቀዘ ጥብስ በላ። ይህን እኔ ፈጥሬ አይደለም፤ ራሱ ነው ጥርሱን ነክሶ የነገረኝ። የእህቱ ልጅ ነኝ፣ ያደግሁትም እሱ ቤት ነው፤ ስለዚህ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ።

ዛሬ እሽቅድምድሙ ወደ ቢልቂስ ሻይ ቤት ተዛውሯል። ቢልቂስ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ለነገር የማታንስ ሴት ናት። ወጣቶቹ ሹፌሮችና ረዳቶች እሷ ዘንድ ተኮልኩለው ከድሮዎቹና ከአሁኖቹ የአባይ ሹፌሮች ማን እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። ግማሾቹ ድረስ ነው ይላሉ። ድረስ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ አዲስ አውቶቡስ ይዞ አዲስ አበባ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደገባ በስልኩ እያወጣ ያሳያል።

"ሂድ ወዲያ!" ይላሉ ሌሎቹ። "ያን ጊዜ እኮ መሪውን ማዞሩ ራሱ ጉልበት ይፈልግ ነበር። ፍሬኑ ግሎ እምቢ ቢል ማን ሊደርስልህ? ይስማውን የሚያክል አልተፈጠረም!"

አጎቴ ጥግ ተቀምጦ ይሰማል። ድረስ ሲባል "መኪናው ነው እሱን የሚነዳው" ይላል። ይስማው ሲባል ግን ሻዩን ሳይጨርስ ይነሣል። የራሱን የአጎቴን ስም የሚያነሣ የለም።

"ጋሽ አንሙት፣ እርስዎ ስንተኛ ይወጡ ነበር?" አለችው ቢልቂስ አንድ ቀን።

"እኔ ሰው ነበር የምጭን፤ የደምበጫ ፈረስ አይደለሁም ደረጃ የምታወጪልኝ!" ብሏት ወጣ። ለሳምንት ያህል ደጇን አልረገጠም።

የይስማውን ፍጥነትስ ይችለው ነበር። ያልቻለው እንቅልፉን ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ይስማው አዲስ አበባ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ሳለ ሉማሜ ያለችው እናቱ ማረፏን ሰማ። በአጎቴ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሹፌር የሆነ ሰው በሌላ ሹፌር መኪና አባይን ሲወርድ አይተኛም፤ ይህ በመካከላቸው የታወቀ ነው። ዓይኑን ከመንገዱ፣ ጆሮውን ከሞተሩ ሳይነቅል በባዶው ወለል ላይ ፍሬን ሲረግጥ ይወርዳል። ይስማው ግን ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱ እንደጀመረ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኛ። የነቃው ደጀን ላይ ነው። ሉማሜ ሲደርስ "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ብሎ ወረደ።

"ናቀኝ" ይላል አጎቴ። "በሬ የምነዳ መሰልኩት።" ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ይህ ነገር ከሆዱ አልወጣም። ይስማው ልጁን ሲድር እንኳ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ወገቡ ደህና ነበር።

አምና የይስማው ስኳር ዓይኑ ላይ ወጣበት። አሁን ከብርሃን በቀር የሚያየው የለም። ዘንድሮ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረበት፤ ሚስቱን ታየችን ደግሞ እግሯ አላስኬድ አላት። ቤታችን መጥታ "አንሙት፣ አንተ ካልወሰድህልኝ ማን ይወስድልኛል?" አለችው። እምቢ ማለት ከበደው። ተስማማ። ገና ከበሩ እንደወጣች ወደ እኔ ዞሮ "እዚያው አባይ ላይ እጠይቀዋለሁ፤ ለምን እንደናቀኝ ይነግረኛል" አለኝ። ሁለቱን ብቻቸውን መልቀቅ ስላስፈራኝ አብሬ ሄድኩ።

ተራው የድረስ መኪና ነበር። "ሌላ የለም?" አለ አጎቴ። ሌላ አልነበረም። ድረስ ይስማውን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ወርዶ ትከሻውን ሳመው፤ እጁን ይዞ በበሩ በኩል ያለው የፊት ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረና "አባባ፣ እርስዎ ከጎናቸው ይሁኑ፤ አስታማሚ ነዎት አይደል?" አለው። አስታማሚ! የአጎቴ ፊት በርበሬ መሰለ።

ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳፋሪው ወሬውን አቋረጠ። አንዲት ሴት "ሰአሊ ለነ ቅድስት" ማለት ጀመረች። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ሁለቱም ሽማግሌዎች በየኩርባው የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ።

"ይስማው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ አጎቴ።

"ጠይቀኛ።"

"እናትህ ያረፈች ጊዜ በእኔ መኪና ተኝተህ ነበር።"

"አዎ፣ ተኝቻለሁ።"

"ሹፌር አባይ ላይ ይተኛል?"

ይስማው የማያይ ዓይኑን ወደ አጎቴ መለሰ። "አይተኛም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተኝቼ አላውቅም። ታመመች ከተባልኩ ጀምሮ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር፤ ያንተን መኪና ሳይ ተመስገን አልኩ። የሌላ ቢሆን ቆሜ ነበር የምወርደው። እኔ ቀዳሚ ነበርኩ፤ ሹፌሩ አንተ ነበርህ። ታየችንና ልጆቼን በማን መኪና ነበር የምሰድ?"

እውነት ነው፣ ሁልጊዜ በእሱ መኪና ነበር የሚሄዱት። አጎቴ በዚህም "ዘመዱን እኔ ላይ ይጭንና ባዶውን ይፈተለካል" እያለ ሲቀና ኖሯል።

"ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገርህም?" አለ አጎቴ።

"ቀንቼ ነዋ" አለ ይስማው። "እኔስ ሰው አይደለሁም?"

አጎቴ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ደስታው ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሐሳብ ዞረ። ድረስ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ ስለከፈተ ምንም አልሰማም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የእህቱን ልጅ ምስክርነት ደግሞ ቢልቂስ እንደማትቀበል ያውቃል። ድረስ እንዲሰማ ቃሉን ሊያስደግመው ወደ ይስማው ዞረ።

ይስማው ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፏል። እግሩ ወለሉን መርገጥ ትቷል። በድረስ መኪና፣ አባይ ላይ ያንኮራፋል።

አጎቴ ድረስን አየው። ልጁ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም፣ ማርሹን ቀንሶ ዝግ ብሎ ይወርዳል። ሴትዮዋ እንኳ ጸሎቷን ጨርሳ ብርቱካን ትልጣለች። እውነቱን ለመናገር ልጁ በጣም ደህና ነው የሚነዳው፤ የአጎቴም እግር ሳያውቀው ላልቶ ነበር። ይህን ያየ ጊዜ እግሩን ሰብሰብ አደረገና ይስማውን በክርኑ ጎሸመው።

"ይስማው! ተነሣ እንጂ!"

"ምነው? ድልድዩ ጋ ደረስን?"

"አልደረስንም።"

"ታዲያ ምን ሆንህ?"

"ወግ እንያዝ ብዬ ነው" አለ አጎቴ፤ እስከ ድልድዩም ዓይኑን አላስከደነውም።