ማንም የለኝም ያለው ፊደንሲዮ

እኛ የሳን መልኮር ሰዎች አንድ አመል አለን፤ የተጠየቅነውን ሁሉ እንመልሳለን። መንግሥት ስለ መንገዱ ቢጠይቅ፣ ጳጳሱ ስለ ደወሉ ቢጠይቁ፣ ሸንጎ ተቀምጠን፣ ተጨቃጭቀን፣ ማኅተም መትተን እንልካለን። ለላክነው ሁሉ የሚመጣልን ነገር ግን የለም፤ ውሃ ይበላዋል። እኔ የመንደሩ ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤውን ሁሉ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ብማረር አይፈረድብኝም።

ፊደንሲዮና እኔ አብሮ አደጎች ነን። እናቱ በወሊድ ሞተችና አክስቱ ዶሚቲላ አሳደጉት። እሳቸው የወለዱት ልጅ አልነበራቸውም። ፊደንሲዮ ጢሙ ሳያቀመቅም ድንበር ተሻግሮ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ፤ ማሪሴላ የምትባል እዚያው ተወልዳ ያደገች ሴት አገባ፤ ያሬሊ የምትባል ልጅ ወለዱ። ከዕለታት አንድ ቀን ወደ ሥራ ሲሄድ የመኪናው የኋላ መብራት አልበራ ብሎ ፖሊስ አስቆመው። ከዚያች መብራት ተነሥቶ መታወቂያው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማጣቱ፣ ብዙ ነገር ተመዘዘበትና ካገር አባረሩት። ጸጉሩ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ በአንድ የላስቲክ ከረጢት ልብሱን ይዞ፣ ወደ ተራራችን ተመለሰ።

የተባረረ ሰው ዝም ብሎ ለመግባት ማመልከት አይችልም። መጀመሪያ "ላመልክት ይፈቀድልኛል ወይ?" ብሎ የሚያመለክትበት ቅጽ አለ። ፈቃድ ለመጠየቅ ፈቃድ ማለት ነው! እኛ መንደር እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው ቢገኝ ጠበል እንወስደው ነበር። ቅጹ ደግሞ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ይፈልጋል። በእኛ ሕግ ደግሞ መንደሩን በተራው ያላገለገለ ሰው የመልካም ጠባይ ማኅተም አያገኝም።

ስለዚህ ፊደንሲዮ ቶፒል ሆነ። ቶፒል ማለት በትር ይዞ መልእክት የሚያደርስ፣ ሰካራም እየጎተተ የሚያስር፣ የመንደሩን ጽሕፈት ቤት ግቢ የሚጠብቅ ነው፤ ጢም ያላበቀሉ ልጆች የሚጀምሩበት ሥራ። እሱ ከእነሱ ጋር ተሰልፎ ሲቆም የመምህራቸው አባት ይመስል ነበር። አልተማረረም። ምሳውን በየቀኑ አክስት ዶሚቲላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚያወጣውን ዳገት እያቃሰቱ ወጥተው ያመጡለታል፤ የበቆሎ ቂጣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጥቁር ባቄላ፣ ቃሪያ።

"አክስቴ፣ እኔ ወርጄ እበላለሁ አላልኩሽም?"

"ብላና ዝም በል! በባዶ ሆድህ ሰካራም ልትጎትት ነው? እሱ ነው አንተን የሚጎትትህ።"

እንዲህ ሆኖ ሳለ ያሬሊ ደወለች። የቅጹ ባለቤት የሆነው የዚያ ማዶ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ አስተያየት ይስጥበት ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ጥያቄዎቹ አስፈላጊ ናቸው ወይ? ግልጽ ናቸው ወይ? የሰውን ድካም እንዴት እንቀንስ? ፊደንሲዮ ይህን እንደ ቀልድ ነገረኝ።

"ሲያባርሩኝ አልጠየቁኝም፤ አሁን ወረቀቱ እንዴት ነው ይላሉ።"

እኔ ሳቅሁ። ሹማችን ዶን ኦብዱልዮ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሰምተው ኖሮ አልሳቁም።

"ተጠይቀናል ማለት ነው?" አሉ።

"እኛን አይደለም ዶን ኦብዱልዮ፤ ሕዝቡን ነው።"

"እኛ ታዲያ ምንድን ነን? በጎች ነን?"

በቃ፤ አለቀ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደወል ተደውሎ ሸንጎ ተጠራ።

ፊደንሲዮ ፊት ለፊት ቆሞ ቅጹን ከእንግሊዝኛ ወደ ራሳችን ቋንቋ እየመለሰ ያነብ ጀመር። እኔ እጽፋለሁ። "እስከ ዛሬ የተጠራህባቸውን ስሞች ሁሉ ዘርዝር" የሚለው ላይ ሲደርስ ክሪስፒን ከኋላ ብድግ አለ። ክሪስፒን እሱም እንደ ፊደንሲዮ ተባርሮ የመጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

"ወረቀት ይጨምሩልኝ በላቸው! ባለቤቴ ብቻ የጠራችኝ ስም አንድ ገጽ ይሞላል!"

"እሷማ በልክህ ነው የጠራችህ!" አለች አንዲት ሴት፤ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

ቅጹን ሞልቶ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል ብሎ መሥሪያ ቤቱ መገመቱ ሲነበብ ደግሞ አክስት ዶሚቲላ "ሁለት ሰዓት? በሁለት ሰዓትማ ባቄላም አይበስልልኝ" አሉ። ይህንንም ጻፍኩት። ጻፍ ተብዬ ነው።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ፦ ለምን እንዲፈቀድልህ ትፈልጋለህ? አስረዳ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ አንዱ። "ሰው የሚመልሰውን ሳንሰማ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን እናውቃለን?" አሉ ዶን ኦብዱልዮ። "ፊደንሲዮ፣ ያንተን መልስ አንብብልን።"

ፊደንሲዮ ፊቱ ተለዋወጠ። "ቃሉ የኔ አይደለም፤ ማሪሴላ የያዘችልኝ ጠበቃ ናት የጻፈችው…"

"ይሁና። አንብብ።"

ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣ። እጥፋቱን ቀስ ብሎ ዘረጋ፤ እኔ የሚያፍር መስሎኝ ነበር።

"የተወለድኩበት መንደር ለሰው ኑሮ አይሆንም" ብሎ ጀመረ። "ሥራ የለም። ሐኪም ሩቅ ነው። ባለቤቴና ልጄ ተከትለውኝ ቢመጡ ይጎሳቆላሉ።" ቆም አለ። ቀና ብሎ ሰዉን አየ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንግሊዝኛውን ማንበብ የሚችል ከእሱ ሌላ ክሪስፒን ብቻ ነበር፤ ክሪስፒን ደግሞ ጫማውን ያያል። የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር ውጦት ቢያልፍ ማንም አያውቅበትም ነበር። እኔ ብሆን እውጠው ነበር። እሱ ግን አነበበው።

"የሚጠጋኝ ዘመድ የለኝም። እዚህ ማንም የለኝም።"

አክስት ዶሚቲላን ለማየት አልደፈርኩም።

"ቤትህን በደቦ የከደንነው እኛ ማን ነበርን?" አለ አንድ ሽማግሌ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው የባሰው።

ዶን ኦብዱልዮ ተቆጡ። "ማኅተም የምመታው ለዚህ ነው? መንደሩን የካደ ሰው መልካም ጠባይ አለው ብዬ ልፈርም?"

ማኅተሙ ከሌለ ቅጹ የለም፤ ቅጹ ከሌለ ማሪሴላ የለችም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

"አልዋሻችሁም" አለ ፊደንሲዮ። "ያሳደገችኝ አክስት አለችኝ፣ ጎረቤት አለኝ፣ ሠርቼ እበላለሁ ብዬ ብጽፍ፣ እንግዲያው እዚያው ተቀመጥ ይሉኛል። እናንተን ካልካድኩ ልጄን አላገኝም። ሌሊት ሌሊት ይህንን ነው የማስበው፤ ሌላ ነገር አላስብም።"

"የኔም እንደሱ ነው የሚለው" አለ ክሪስፒን ከኋላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ ሲናገር ሰማሁት። "ጠበቃው የከፋ አድርገህ ጻፍ ብሎኝ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።"

ከወዲያ አንድ፣ ከወዲህ ሁለት ሰው ተነሣ። የነሱም እንደዚያው ነው። መንደራችን ስንት ጊዜ በስንት ወረቀት ላይ እንደጠፋች ያን ዕለት ገባኝ።

ፊደንሲዮ አልጨረሰም። "አንድ የቀረ ወረቀት አለ" አለ። "እዚህ የሚኖር ሰው፣ እውነት ነው፣ ማንም የለውም ብሎ መመስከር አለበት። ማንንም አልጠየቅኩም። በየትኛው አፌ?"

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አክስት ዶሚቲላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እኔ ጠረጴዛ ድረስ መጡ።

"የታለ ወረቀቱ? ጣቴን የት ነው የማደርገው?"

"አክስቴ፣ አንቺ አይደለሽም!" ፊደንሲዮ እጃቸውን ሊይዝ ተንደረደረ። "ሌላ ሰው ይሁን!"

"ለምን ሌላ ሰው? አንተን ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?" ወደ እኔ ዞሩ። "ጸሐፊው፣ ምን ታፈጣለህ? ቀለሙን አምጣ! ልጁ እዚያ ማዶ አባቴ እያለች፣ እዚህ የኔን ቂጣ ስለበላ ነው ሰው አለው የሚባለው?"

ደንቡን ቢጠይቁኝ ይህ ምስክርነት አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ወደ ዶን ኦብዱልዮ አየሁ፤ እሳቸው በመስኮቱ ተራራውን ይመለከታሉ። ቀለሙን አቀረብኩ። አውራ ጣታቸው ከእሳትና ከድንጋይ ወፍጮ ብዛት መስመሩ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ ላይ ያረፈው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። በቀሚሳቸው ጠርገውት ሄደው ተቀመጡ።

ዶን ኦብዱልዮ ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጡ። የመልካም ጠባዩን ደብዳቤ አስጻፉኝና መቱበት።

"ያንን ዐረፍተ ነገር ማንም ሳያውቅበት ሊዘለው ይችል ነበር፤ አልዘለለውም" አሉ። "ከዚህ ሌላ የጠባይ ማስረጃ አላውቅም። በትሩን ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ትይዛለህ!"

ለመሥሪያ ቤቱ የላክነው አስተያየት አጭር ነው። ጥያቄያችሁ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሚስቱን ለማግኘት ያሳደጉትን እንዲክድ ያደርጋል። ትቷቸው ስለሚሄዳቸው ሰዎች የሚጻፍበት አንድ መስመር ተዉለት፤ እዚያ የጻፈው ደግሞ አይቆጠርበት። የባቄላውንም ነገር ከሥር አስገባሁት። እንግሊዝኛውን ክሪስፒን አቃናው፤ ያሬሊ ከዚያ ማዶ ላከችልን።

መልስ አልመጣም። የፊደንሲዮም ፈቃድ ገና ነው። እንዲመጣለት ከልቤ እመኛለሁ፤ በመጣ ዕለት ግን በአክስት ዶሚቲላ ደጅ ማለፍ አልፈልግም።

ያን ሸንጎ ባነሡብኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ማግስቱ ነው። ፊደንሲዮ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑን እያሸ ግቢውን ይጠርጋል። እኩለ ቀን ላይ ዳገቱ ጫፍ የምርኩዝ ኳኳታ ተሰማ። አክስት ዶሚቲላ እያለከለኩ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን በደረታቸው አቅፈው፣ በሩ ላይ ቆሙ።

"ጸሐፊው!" አሉ ጮክ ብለው። "ያ ማንም የሌለው ሰውዬ የታለ? ምሳው ሳይቀዘቅዝ ይብላ።"