አራት ዓመት የፈጀው እረፍቴ

ከሀገር የወጣሁበትን ሌሊት አልጽፍላችሁም፤ በዚያ መንገድ የሄዳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የምጽፍላችሁ ከኖርዌይ የወጣሁበትን ጠዋት ነው። ሁለት ፖሊሶች፣ እነሱ «ፖሊቲ» የሚሏቸው፣ ከታሰርኩበት የስደተኞች ማቆያ ሊወስዱኝ መጡ። ጨዋዎች ናቸው፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አያደርጉም። አንደኛው የዕቃ መረከቢያ ወረቀት አውጥቶ፣ «የትኛውን ስም ልጻፍ?» አለኝ።

ሁለት ስም ነበረኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁት ጌትነት ተብዬ ነው። እዚያ ስደርስ ግን ያሻገረኝ ደላላ እንደመከረኝ ዳዊት ነኝ ብዬ እጄን ሰጠሁ፤ ጥገኝነት ጠየቅሁ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ዳዊት ሆኜ ኖርኩ። ሳህን አጠብኩ፣ በረዶ ጠረግሁ፣ ሂሩትን አገኘሁ፣ ሶልያናን ወለድን። ኋላ ከሂሩት ጋር በሕግ እንጋባ ስንል የልደት ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ውሸቱ ሰልችቶኝ ስለነበር እውነተኛውን አስመጣሁ። በሐሰት ስም መግባቴ ታወቀ፤ የተባረርኩት በእሱ ነው።

«ጌትነት ብለህ ጻፍ» አልኩት ፖሊሱን። ማቆያ ስገባ የጫማዬን ክር ፈትተው በፖስታ አሽገውት ነበር፤ ፖስታው ላይ የተጻፈው ግን ዳዊት ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ልሰጥህ አልችልም አለኝ፣ ከልቡ እያዘነ። እንዲሁ ጫማዬን እየጎተትኩ አውሮፕላን ገባሁ። ሳቄም አልመጣ፣ ዕንባዬም አልመጣ። ከእናቷ ጋር እዚያው የቀረችው ሶልያና ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስወርድ መጀመሪያ ያገኘኋቸው የሰፈራችንን ሰው ጋሼ አላምረውን ነው። ጫማ ይሰፋሉ፣ የዕድራችንም ዳኛ ናቸው። ከእሳቸው ክር ገዛሁ። «እንኳን ደህና ገባህ፤ ለእረፍት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ያቺን አዎ አራት ዓመት ተሸከምኳት። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እረፍት እንዴት ነው ይለኛል። እናቴ በየዓመቱ ይጁቤ ገበያ ሄዳ በርበሬ ትገዛለች፤ አዘጋጅታም «ስትሄድ ትወስደዋለህ» ብላ ታስቀምጥልኛለች። ዓመቱ ሲዞር እኛው እንበላውና እንደገና ትገዛለች።

እዚያ ሳለሁ የጮቄ ብርድ ሳይቀር ይናፍቀኝ ነበር። አሁን ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ የዚያን ሀገር እናፍቃለሁ። «ብሩንኡስት» የሚሉት ቡናማ አይብ አላቸው፤ ስኳር የነሰነሱበት ሳሙና ይመስለኝ ነበር። ሶልያና ያለ እሱ ዳቦ አትበላም። አሁን ጠላ ቤት ተቀምጬ እሱ ያምረኛል። አይቡ አይደለም፣ ልጄ ናት የናፈቀችኝ።

ዘንድሮ ሂሩት ጠበቃ አገኘች። ዳግም እንዳልገባ የተጣለብኝ እገዳ ተነስቶልኝ ልጄ ዘንድ እንድመለስ ማመልከት እንደምችል ነገረችኝ። ታዲያ ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁ፣ እስከዛሬም የት እንደኖርኩ በማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ማመልከቻዬን ሁለቴ አነበበው።

«መባረርህን እኛ በምን እናውቃለን?» አለኝ።

«ይኸው ተባርሬያለሁ እያልኩህ ነው።»

«እኛ አላባረርንህም እኮ። መዝገባችን ለእረፍት የመጣ ነው የሚለው። ራስህ ነህ ያስመዘገብከው።»

በመጨረሻ፣ ዕድርህ ከመሰከረልህ ማኅተሙን እንመታለን አለ። አራት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህንኑ ነበር። በጋሼ አላምረው ሱቅ ደጃፍ ሦስት ጊዜ አልፌ በአራተኛው ገባሁ። ስሜን መዋሸቴን፣ መባረሬን፣ እረፍት የሚባል ነገር አለመኖሩን ነገርኳቸው። እሳቸው መስፋታቸውን አላቋረጡም።

«ክሩን የገዛህ ዕለት አውቄ የለም?» አሉኝ። «ክር በሌለው ጫማ ለእረፍት የሚመጣ ሰው የት አለ፣ ልጄ? የእኔም ልጅ ከሳዑዲ እንዲያው ሆኖ ነው የመጣ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አንተ እረፍት ነው ካልክ እረፍት ነዋ። እናትህም እንዳንጠይቅህ ለምናናለች።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው። ጋሼ አላምረው ሁለት የዕድር አባላት ጠርተው አብረው ፈረሙልኝ፤ ቀበሌውም ማኅተሙን መታ። ቤት ስገባ እናቴን ምንም አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የበርበሬውን ማሰሮ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለሶልያና ደወልኩ። ከሌላ ሰው ሳትሰማ አንተው ንገራት ብላኝ ነበር ሂሩት። የልጄ አማርኛ እየሳሳ ነው።

«ፓፓ፣ እረፍት አለቀ?»

«እረፍት አልነበረም፣ ልጄ። ስሜን ዋሽቼ ነው ያባረሩኝ። ስሜ ጌትነት ነው፤ ዳዊት አይደለም።»

 ደብተሯ ላይ ሶልያና ዳዊት ብላ እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ስትወለድ ሂሩት በእሷ ቤተሰብ ስም እንድትመዘገብ ፈልጋ፣ የዚያ አገር ወግ ነው ብላኝ ነበር። የለም፣ በእኛ ልጅ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው ብዬ ከመዝጋቢዋ ጋር ተሟግቼ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ?» አለችኝ።

«ሶልያና ጌትነት።»

በለሆሳስ ሁለት ጊዜ ደጋገመችው።

«ትምህርት ቤት እኔ አልነግራቸውም» አለች። «አንተ ስትመጣ ንገራቸው። እስከዚያ ዳዊት ነኝ።»

እሺ አልኳት። ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚል ጠበቃውም አያውቅም። ያቺ እሺ እውነት ትሁን ውሸት እኔም አላውቅም።