የታሸገው ሞተር

አሰላ ውስጥ ሞተር የታፈነበት ሰው የሚሄደው የኋላሸት ዘንድ ነው። የኦጎልቾ ገበሬ የመስኖ ፓምፑን በአይሱዙ ጭኖ ይመጣል፤ የኋላሸት ጆሮውን ጣል ያደርግና ሕመሙን ይነግረዋል። ሲበዛ ዝምተኛ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር ያወራል ብትሉ ውሸት አይሆንም።

ልጁ ሐመልማል ካርት ትነዳለች። ካርት ማለት ከቧንቧ ብረት የተበየደች፣ ጣሪያ የሌላት፣ መሬት ልትልስ የደረሰች ባለ አራት ጎማ ናት። የጋራዥ ልጆች የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሞተር እየገጠሙላት በአንድ የእህል መጋዘን ሲሚንቶ ግቢ ውስጥ ይወዳደሩባታል። ሐመልማል ብዙ ጊዜ አንደኛ ወጥታለች፤ ግን አንድም ቀን ጎበዝ ተብላ አታውቅም። "የአባቷ ሞተር ነው እንጂ እሷማ ምን ታውቃለች!" ይባላል። ይህ ነገር ልጅቷን ውስጥ ውስጡን በልቷታል።

ዘንድሮ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ፓምፕ ነጋዴው ቱፋ አዲስ ምድብ አመጣ። ሁሉም ካርት አንድ ዓይነት የፓምፕ ሞተር ይገጠምለታል፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ይወሰናል፤ ቤንዚኑን የምትመጥነው ብሎን በቀይ ሰም ትታሸጋለች። ሰሙ የተነካ ሞተር ከውድድሩ ይወጣል። ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ሰዉም ወደደው፤ ከሁሩታና ከዴራ ሳይቀር ነጂ መጣ።

"አባዬ፣ እዚህ ምድብ ነው የምገባው" አለችው ሐመልማል።

"የኔ ሞተር ምን አደረገሽ?"

"ምንም። ግን መንዳት እችል እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።"

የኋላሸት ቅር አለው። ቅር ቢለውም እሺ አላት፤ አባት ነዋ።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት የደረሳትን ሞተር ካርቷ ላይ አስሮ ቀሰቀሰው። ሞተሩ ሳለበት። ከቆላ የመጣ ሞተር አሰላ ሲደርስ አየሩ ይሳሳበትና ቤንዚን ይበዛበታል፤ የኋላሸትም ዕድሜውን ሙሉ ያችን ብሎን ጠምዘዝ ሲያደርግ ነው የኖረው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! የሞተሩ ድምፅ ሲጠራ ደስ አለው፤ ካርቷን ገፍቶ መነሻው ላይ አደረሳት። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አውራ ጣቱ ላይ ቀይ ሰም አየ።

ክው አለ። ሐመልማል የራስ ቁሯን አጥልቃ ተሰልፋለች። ያየ የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ለአፍታ አሰበ። ግን ብታሸንፍስ? ለራሷ ብላ የመረጠችውን ይህን አንድ ቀን እንኳ የሰረቃት እሱ መሆኑ ነው።

ወደ ቱፋ ሄደ። ሰዉ ሁሉ እየሰማ "ሰሙን ሰብሬዋለሁ" አለ። "የኔ እጅ ነው፤ ልጄ አታውቅም።"

"ቶሌ፣ ጋሼ፣ እሺ" አለ ቱፋ፣ ቆዝሞ። "ሞተሩ ይወጣል፤ ልጅቷ አትወጣም። መጠባበቂያውን እንገጥምላትና ከሁሉም ኋላ ትነሳለች።"

አንዳንዱ ሳቀ። ሐመልማል አባቷን አንዴ አየችውና ካርቷን ራሷ ገፍታ ከሰልፉ አወጣቻት። ይህ ከስድብ በላይ ወጋው።

መጠባበቂያው ሞተር ከሁሉም የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ እየሳለ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ተነሳ። የኋላሸት መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ቆመ። ጠባቧ መታጠፊያ ላይ ሌሎቹ ፍሬን ሲይዙ ሐመልማል ሳትይዝ ገባችና አንዱን አለፈችው። በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ ሌላውን። ይህን ያስተማራት የለም፤ እሱም አላስተማራትም። ይህን ሁሉ ጊዜ ዳር ቆሞ የሚሰማው ሞተሩን ነበር፤ ልጁ ስትነዳ ያየው ገና ዛሬ ነው።

ውድድሩ ሲያልቅ ወደ እሷ ሄደ። የራስ ቁሯን አወለቀች፤ ፊቷ በጭስ ጠቁሯል።

"ይቅር በይኝ ልጄ።"

"አራተኛ ወጣሁ አባዬ" አለችው፣ እንባዋ ጥላሸቱን እያጠበው። "እኔ ነኝ አራተኛ የወጣሁት።"