አተላ የሞላው የአቶ ዳንጊሶ ሞተር

ጋራዥ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ አንድ የሽቦ ብሩሽና አንድ ጀሪካን ነጭ ጋዝ ነው። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ከድር ከእግር እስከ ራሴ ፀጉር አዩኝና፣ "ማርታ ነሽ? እሺ ማርታ፣ ያ የምታዪው ብረት ሁሉ እስከ ማታ ንጹሕ ይሁን" አሉኝ። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ሰርተፊኬቴን በፕላስቲክ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ማንም አላየልኝም።

በዚያን ጊዜ ሀዋሳ ላይ ቱታ የለበሰች ሴት ስትታይ ሰው ከመኪና ውስጥ አንገቱን እያወጣ ያይ ነበር። "ሴት ልጅ ዘይት ምን ታደርገዋለች?" ይሉኛል። "እጠጣዋለሁ!" እላቸዋለሁ። ከእጄ በፊት መካኒክ የሆነው አፌ ነው።

የጋራዡ ማዕረግ አራት ነበር፦ አጣቢ፣ ረዳት፣ መካኒክ፣ ዋና መካኒክ። አጣቢ ሞተር አይከፍትም፣ የተከፈተውን ያጥባል። ዋናው መካኒክ ስዩም ይባላል። እጁ ወርቅ ነው፣ ይሄን አልክድም። ኩራቱ ግን ለሁለት ጋራዥ ይበቃል።

ማጠብን ንቄ አላውቅም። አተላን ያወቅሁት እዚያ ነው። ዘይቱ በጊዜው ያልተቀየረለት ሞተር ሲከፈት፣ ውስጡ አድሮ የረጋ ሽሮ የመሰለ ጥቁር ነገር ተለጥፎበት ይመጣል። አተላ የምንለው እሱን ነው። የሀዋሳ መኪና ደግሞ ለአተላ የተመቸ ነው፤ ትንሽ ይሄዳል፣ ብዙ ይቆማል። ሹፌሩም ዘይት ይጨምራል እንጂ አይቀይርም።

ረዳት በሆንኩ ዓመት አንድ ሞተር ገድያለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የአንድ መምህር የቤት መኪና ነበረች። ያኔ አተላ ያለበት ሞተር ሲመጣ፣ ዘይቱን አፍስሰን ናፍጣ እንሞላበትና ጥቂት ደቂቃ አስነስተን እናጥበው ነበር። የከተማው ጋራዥ ሁሉ ልማድ ነው። እኔም እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ጥቁሩ እየተዥጎደጎደ ሲወጣ ሳይ እንዴት ደስ አለኝ! አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ መምህሩም አመስግነውኝ ሄዱ።

በማግስቱ በእግራቸው መጡ። "ልጄ፣ እኔ የሰጠኋችሁ በራሷ እየሄደች የመጣች መኪና ነበር" አሉኝ። ቁጣ የለ፣ ምን የለ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ሞተሩ ሲፈታ ነገሩ ገባኝ። ከሞተሩ በታች ዘይት የሚጠራቀምበት ሳህን አለ፤ ሳህኑ ውስጥ ደግሞ ፖምፓው ዘይቱን የሚስብበት ወንፊት። ናፍጣው አተላውን አላሟሟውም። ከየግድግዳው ገንጥሎ እዚያ ወንፊት ላይ ከመረው። ሳህኑ ሙሉ ዘይት እያለ ሞተሩ በውኃ ጥም እንደሞተ ሰው ደርቆ ቀረ። ሹፌሮች "የለመደውን ዘይት አትንኩበት፣ ከተቀየረለት ይሞታል" የሚሉት ከመሬት ተነሥተው አልነበረም። የሚገድለው ግን አዲሱ ዘይት አልነበረም። እኛ ነበርን።

ጋሽ ከድር የመምህሩን ሞተር በራሳቸው ገንዘብ አሠሩላቸው። ለእኔ ያሉኝ "አየሽው አይደል?" ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር ውስጥ ናፍጣ አፍስሼ አላውቅም።

መካኒክ ከሆንኩ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ለፊቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ ሰው ሚኒባስ ይዘው መጡ። ባለቤቱም ሹፌሩም እሳቸው ናቸው፤ ከከተማው ዳር ካለው ከቡሹሎ ወደ መሃል ከተማ ይመላለሱበታል። የዘይቱ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ከላይ ይንጣጣል። ስዩም አስነሥቶ ሰማው። ወዲያው አጠፋው።

"ብሮንዚናው አልቋል" አላቸው። ብሮንዚና የሞተሩን ዘንግ አቅፎ የሚይዘው ስስ ብረት ነው። "ሞተሩ መውረድ አለበት። ቢወርድም የሚተርፍ አይመስለኝም። ሌላ ሞተር ይፈልጉ፣ ካልሆነ ለቁርጥራጭ ይሽጡት።"

አቶ ዳንጊሶ መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። "ሌላ ሞተር ከየት አመጣለሁ? እኔ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?" አሉ። "ለፊቼ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ጉዱማሌ፣ በዓሉ ሜዳ አደርሳለሁ ብዬም ነበር" አሉ።

አንጀቴን በሉት። አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ "ጋሼ፣ መብራቱ መቼ መቼ ነው የሚበራው?" አልኳቸው።

"ጠዋት የለም። ሲግል ነው። ቡሹሎ ላይ ሰው እስኪሞላ አጠፋዋለሁ። ሳስነሣው ጠፍቷል። ትንሽ ስሄድ ደግሞ ይመጣል።"

"ሰው እስኪሞላ ስንት ደቂቃ ይሆናል?"

"አሥር፣ አሥራ አምስት።"

ብድግ አልኩ። ብሮንዚና ያለቀበት ሞተር አሥር ደቂቃ ስላረፈ አይሻለውም፤ ዘይቱ ገና ትኩስ ነው፣ ገና ቀጭን ነው። አርፎ የሚሻለው ወንፊቱ የታፈነበት ሞተር ነው። ፖምፓው መሳቡን ሲያቆም አተላው ከወንፊቱ ላይ ይረግፋል፣ ሲነሣ ደግሞ ተመልሶ ይለጠፋል።

"ይሄ ሞተር አልሞተም፣ አይወርድምም" አልኩ።

ስዩም ሳቀ። "ማርታ ደግሞ ጠንቋይ ሆነችላችሁ!" ሲል ጋራዡ በሙሉ አውካካ። ደሜ ፈላ። "ካልዳነ ቱታዬን አውልቄ እሄዳለሁ!" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ይደረጋል! ጋሽ ከድር ቢሯቸው በር ላይ ቆመው ሰምተዋል።

"ቃልሽ ነው?" አሉኝ።

"ቃሌ ነው።"

"ሥሪው እንግዲህ። ማንም እንዳይነካባት።"

ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፈሰስኩ፣ የሳህኑን ቡሎኖች ፈታሁ። ሳህኑ አልወርድ ብሎ ተጣብቆ ነበር፤ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ መትቼ አላቀቅሁት። ወንፊቱን ወደ ፀሐይ ይዤ ሳየው ብርሃን የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች በጣት ይቆጠራሉ። እዚህ ላይ ብኮራ ደስ ባለኝ፤ ግን ገና ነው። ስዩም ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሲጠማ የከረመ ብሮንዚና መበላቱ አይቀርም። አንዱን ፈትቼ ገለበጥኩት። ግራጫ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አንድ ጭረት የለውም። ሌሎቹም እንደዚያው። "ተመስገን ጌታዬ!" ብዬ መኪናው ሥር ተጋድሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቀጥሎ የላይኛውን ክዳን አነሣሁ። አተላው ቫልቮቹን ቀብሯቸዋል። ብረት እንዳልጠቀም ብረት ይጭራል፤ ገበያ ሄጄ ሁለት የእንጨት ማማሰያ ገዛሁ። ሲያዩኝ፣ "ማርታ ወጥ ልትሠራ ነው!" አሉ። "አዎ፣ ሽታው ሲደርሳችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ትመጣላችሁ" አልኳቸው። ዘይት ወደ ታች የሚፈስባቸውን ቀዳዳዎች በጨርቅ ደፍኜ በማማሰያ እየዛቅሁ አወጣሁ። የደፈንኩበትን ጨርቅ ሳስገባም ሳወጣም ቆጠርኩ፤ የተረሳ ጨርቅ ከአተላ ይብሳል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ነጭ ጋዝ የነካው ተፈትቶ የወጣው ዕቃ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ስነቅል ውስጡ እንጨት አገኘሁ። በቢላ ተስተካክሎ የተጠረበ ውታፍ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

አቶ ዳንጊሶ መሬት መሬት ያያሉ። "ጋቢና የሚቀመጡ እናቶች ናቸው" አሉ። "እሁድ ነጭ ልብስ ለብሰው ቸርች ይሄዳሉ። ከወንበሩ ሥር ጭስ መጣ፣ ልብሳችን ሸተተ አሉኝ። አፈርኩ። ዘጋሁት።" ከዚያ እንደ መከላከያ፣ "ጥሩ ባሕር ዛፍ ነው" ብለው ጨመሩ።

ሳቄ አመለጠኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። የሚኒባስ ሞተር ያለው ጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ቱቦው ተሰንጥቆ ጭሱን ወደ ሰው ይለቅ ነበር፤ እሳቸው ስንጥቁን ትተው አፍንጫውን ደፈኑት። ሞተር ሲሠራ ጭስና እርጥበት በዚያ በኩል መውጣት አለበት። መውጫ ካጣ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ አተላ ይሆናል። አዲስ ቱቦ ገጠምኩለት፤ የእናቶቹም ልብስ ዳነ።

አዲስ ፊልትሮና ለሞተሩ የተፈቀደውን ቀጭን ዘይት ሞልቼ አስነሣሁት። በሁለተኛው ቀን ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀየርኩ፣ በሳምንቱ ደገምኩ፤ የቀረው አተላ በዘይት ቀስ ብሎ ይታጠባል። ሳህኑን እንደገና አውርጄ ወንፊቱን አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። መንጣጣቱም ጠፋ። ስዩም ግን፣ "ይሄማ ጋራዥ ውስጥ ነው። ግሎ፣ ሰው ጭኖ፣ ቆሞ ሲሠራ እናየዋለን" አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ አብሬ ሄጄ ላየው ወሰንኩ።

የፊቼ ዕለት ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ። ከኋላችን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጉዱማሌ ስንቃረብ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል፣ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። እኛ አንድ እርምጃ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሞተሩ ግሏል፣ ቆሞ ይሠራል። ስዩም ያለው ፈተና እንዲህ ሆኖ መጣ። ዓይኔን ከመብራቱ ቦታ አላነሣሁም።

ከኋላዬ ያሉ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ በዓሉ ውጭ ነው። እዚያ ምን ታያለሽ?" አሉኝ።

"መብራት እንዳይበራ እየጠበቅሁ ነው፣ አባባ።"

"ካልበራ ምኑን ታዪዋለሽ?"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እኔ መሳቅ እንኳ አልቻልኩም። ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደዚያ ተንፏቀቅን። ሜዳው ጋ ደርሰን ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ አቶ ዳንጊሶ ሞተሩን አላጠፉም። ሁለታችንም አጎንብሰን አየን።

"ማርታ፣ አልበራም!"

"አልበራም ጋሼ! አልበራም!"

አቶ ዳንጊሶ በመስኮት ብቅ ብለው፣ "አይዴ ጫምባላላ!" ብለው የበዓሉን ሰላምታ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ። እያለቀስኩም ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከበዓሉ ማግስት ቱታዬን ለብሼ ገባሁ። ጋሽ ከድር ሁሉንም ጠርተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጋራዥ በናፍጣ ሞተር ማጠብ የለም። አተላ ያለበት ሞተር ሲመጣ ማርታ ታየዋለች" አሉ። ስዩም ሰው እስኪበተን ጠበቀና ወደ እኔ መጣ።

"እኔም እኮ ሞተሩን ሰምቼው ነበር። እንዴት አወቅሽ?" አለኝ።

"አንተ ሞተሩን ሰማህ። እኔ ሰውየውን ጠየቅሁት" አልኩት።

ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት።

ዋና መካኒክ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ብዙ ሞተር ከፍቻለሁ። ይሄን ሙያ ለምትሠሩት የምለው ይሄን ነው። አተላን ሞተሩን ከፍታችሁ በእጃችሁ አውጡት፣ በናፍጣ አትግፉት። ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ሹፌሩን ጠይቁት፣ ተናግሮ እስኪጨርስም አታቋርጡት።