መስቀላቸውን ያስያዙኝ እናት

ተራ ቀን እኒህን እናት የሚያስከፍላቸው ጉልበት ነው፤ ዘጌ ላይ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ቡና ማስጣት። የግራ ጡታቸው ውስጥ እብጠት ካገኙ ወዲህ ሁሉንም በቀኝ እጃቸው ይሠራሉ። ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው «ክንዴን ብርድ መትቶኝ ነው» ይላሉ። ዛሬም ጀልባ ሲሳፈሩ ገበያ እሄዳለሁ ብለው ነው፤ ባዶ ዘንቢላቸው እግራቸው ሥር ተቀምጧል።

ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሣው የኤምአርአይ ማሽን ክፍል በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናወጋለን። እኔ ባለቤቴ የወገቡን ምስል ተነሥቶ እስኪጨርስ ልጄን አጠባለሁ፤ እሳቸው ሕፃኑን በስስት ያዩታል። እሳቸው የተላኩት ቀድሞ በተነሡት አልትራሳውንድ እብጠቱ ካንሰር ይሁን አይሁን አልለይ ስላለ ነው። እዚህ በደም ሥራቸው ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ይገባል፤ እብጠቱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚቀበል በምስሉ መታየቱ ለመለየት ይረዳል።

ባለሙያዋ ብቅ አለች። «እማማ፣ ማተቡ ይቆይ። መስቀሉን ግን ያውልቁት፤ ማሽኑ ብረት ይስባል።»

«መስቀል የሚስብ ከሆነማ የእኛው ነው» አሉና ሣቁ። ቋጠሮው ግን እምቢ አላቸው። እኔ ፈታሁላቸውና መስቀሉን አውጥቼ ክሩን መልሼ አሰርሁላቸው።

መስቀሉን መዳፌ ውስጥ አስጨብጠውኝ ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ እብጠት ያገኘች ሴት እንደ እኔ ደብቃ እንዳትከርም ንገሪልኝ።»

«ለማን ልንገር፣ እማማ?»

«ለሰማሽ ሁሉ። እኔንም በጸሎት አስቡኝ። የዓለም ስሜን ተዪው፤ ወለተ ኪዳን በሉኝ።»