የአሰብ ቢራና የእትዬ ደብሪቱ ጠላ

ባለፈው ጥር ጅማ ሰርግ ተጠርቼ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥኩ ከጓዳ በኩል የጌሾ ሽታ መጣ። መረር ያለ፣ በወይራ የታጠነ እንስራ ሽታ ያለበት፣ እርጥብ ጌሾ። ጠረጴዛችን ላይ ከውጭ የመጣ ቢራና የአገር ውስጥ ቢራ ተደባልቆ ተደርድሯል፤ ወንዶቹ የትኛው ይሻላል እያሉ ይሟገታሉ። አንዱ የውጭው ራስ አያሳምም ይላል። ሌላው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሁሉ ይጣፍጠናል፣ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ብሎ ይተርታል። የሙሽራው አጎት ወደ እኔ ዞሮ "እህቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ። ልቤ ያደግኩበት ሰፈር ቦሳ ኪቶ፣ እትዬ ደብሪቱ ግቢ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ያ የድሮ ቅናት አንጀቴን እያሳረረው።

እትዬ ደብሪቱ ጠላ ሻጭ ነበረች። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ በሆዴ ግን አንቺ ነበረች። የሚቀኑበትን ሰው በሆድ አንቱ ማለት እንዴት ይቻላል? ዛሬም እንደ ሆዴ ልጥራት። ቤቷ ከእኛ ወረድ ብሎ፣ የአቮካዶ ዛፍ የተደገፈ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። በሩ ላይ በቀርከሃ የተሰቀለ፣ አፉ የተደፋ የዛገ ጣሳ አለ፤ ጠላ መኖሩን የሚናገር ምልክት። ክረምት ሲሆን ግቢው ይጨቀይና ጠጪዎቹ በተነጠፈ የቡና ገለባ ላይ እየተራመዱ ይገባሉ። ውስጡ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የጭቃ መደብ፣ ጥግ ላይ በጨርቅ የተከደኑ ጋኖች፣ የሚንሾካሾክ ባትሪ ራዲዮ። ሌላ ምንም የለም። እና ሰው እንደ ንብ ይሰፍርባታል።

ስትቀዳ የምታደርጋት ነገር ነበረች። መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትቀምሳለች። ወጉ የታወቀ ነው፤ የምሰጥህን እኔም ጠጥቼዋለሁና አትስጋ ለማለት ነው። ሌላው ሰው ለወጉ ያህል ከንፈሩን ያስነካና ይተወዋል። እሷ ግን የምር ትቀምሰው ነበር። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት እስኪንቀሳቀስ ውጣ፣ ከዚያ ነው በሁለት እጇ የምትሰጠው። ደሞ ማማሯ! ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ነው የምትቀምስለት፤ ለአባቴ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የምትቆይ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ቅንድቡ ሳይቀር የገለባ ብናኝ የሚቀመጥበት ሰው ነበር። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ግን ወደ ቤት አይመጣም። ወደ እትዬ ደብሪቱ ይታጠፋል። እኛ ቤት አፉን የማይከፍት ሰው እዚያ ሲያወራ፣ አልፎ አልፎም ሲስቅ በአጥር በኩል ይሰማኛል። ያንን ሳቅ እኛ ከተነፈግን ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር መሰላችሁ። ምን አስነክታው ነው እያልኩ ጥፍሬን እበላለሁ።

ይህ ልማድ የጀመረው ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ነው። የእትዬ ደብሪቱ አንድ ልጅ ጉተማም በዚያው ቀን በዚያው መኪና ተጭኗል። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የደረጀን ስም በቤታችን አታስጠራም። ስሙ የሚነሳው የሞተ ሰው ነው፣ በቁሙ ያለን ልጅ እያነሱ የሚያወሩ ሟርተኞች ናቸው ትላለች። አባቴ አንድ ሁለቴ ረስቶ ጀመረና እማዬ ምግቧን ትታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ስለ ዝናብና ስለ በርበሬ ዋጋ ብቻ የሚወራበት ቤት ሆነ።

እማዬ ቅናቷን በሆዷ የምትይዝ ሴት አልነበረችም። የመንዝ ልጅ ናት፤ ጠላዋ ደግሞ በሰንበቴ ስሙ የተጠራ። "እኔ እያለሁ የሰው ጋን ይለቅልቅ?" ብላ እንስራዋን አጥናና አጣጥና ጠመቀች። አባቴ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ቆቡን አነሳና ወጣ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን አየችው። እኔም አብሬያት አየሁት። ያን ቀን እትዬ ደብሪቱን ምነው ጋኗ በተሰነጠቀ ብዬ ረግሜያታለሁ።

ታዲያ ጠላን በጠላ መግጠም ካልሆነ በሌላ ይሞከራል። አጎቴ ግርማ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ የቡና ጭነት እየነዳ አሰብ ይወርድ ነበር። ሌላ ጊዜ ጨርቅና ሽቶ የምታስመጣው እማዬ በዚህኛው ጉዞ ቢራ አምጣልኝ አለችው። አጎቴ ሳቀ፤ ከመርከበኞች ገዝቶ፣ ኬላ ላይ እንዳይያዝበት ከወንበሩ ስር በሸራ ጠቅልሎ አመጣው። የሰኮሩን ኬላ እስኪያልፍ ላቡ እንዳልደረቀ ሲምል ሰምቻለሁ። ነጭና ሰማያዊ፣ ማንበብ የማንችለው ፊደል የተጻፈባቸው ጣሳዎች ቡፌያችን መስታወት ውስጥ ተደረደሩ። ጎረቤት ሁሉ ለማየት መጣ። የመንደሩ ልጆች በእኔ ቀኑ፤ አንድ ጊዜ እንኳ የሚቀናብኝ ሰው አገኘሁ።

እሑድ ሲመጣ እማዬ አንዱን ጣሳ በባልዲ ጉድጓድ ውስጥ አውርዳ አቀዘቀዘችው። አባቴን ከስብሰባ መውጫ ላይ ሰው ልካ አስጠራችው። በብርጭቆ ቀዳችለት፤ አረፋው ነጭ፣ ቢራው የጥሩ ማር መልክ። አባቴ ቀስ ብሎ ጨረሰው። "ይጣፍጣል። እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም፤ ወንድምሽ ይባረክ" አለ። እማዬ ፊቷ ሊበራ ነበር። አባቴ ሪዙን ጠረገ፣ ባዶውን ጣሳ እያገላበጠ አየው፣ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቆቡን አንስቶ ወጣ። ወዴት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገንም።

በማግስቱ ከእማዬ ጋር ከሂርማታ ገበያ ስንመለስ እትዬ ደብሪቱ በር ላይ ስንደርስ እማዬ ቀጥ አለች። ቀና ብዬ አየሁ። የዛገው ጣሳ ወርዶ፣ በቀርከሃው ጫፍ ላይ የእኛ ነጭና ሰማያዊ ጣሳ ተደፍቶ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ባሏን ቤት ልታስቀምጥበት ከአሰብ ያስመጣችው ቢራ የባላንጣዋ ማስታወቂያ ሆኖ ተሰቅሏል። ጉድ እኮ ነው! መንገደኛው ሁሉ እያየ ያልፋል። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ስትፈጭ የወፍጮው ድንጋይ ሌላ ድምፅ ነበረው።

እሑድ ከሰዓት ነጠላዋን አጣፋች፣ ከቡፌው አንድ ጣሳ አወጣች፣ የእኔን እጅ ያዘችና ወረደች። ፀብ እንደሚነሳ አውቄያለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ያቺን ሴት ልክ ታስገባልኛለች ብዬ እየተቻኮልኩ ገለባውን ረገጥኩት። በሩ ላይ ስንደርስ ግን አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ያወራ ነበር። ደረጀ ትንሽ ልጅ ሳለ መፈልፈያው ድረስ ይከተለውና የቡና ጆንያ ላይ ይተኛ እንደነበር፣ አንድ ቀን ወዛደሮቹ ልጁን ሳያዩ ጆንያዎቹን እየጫኑ እሱንም አብረው መኪና ላይ እንደጫኑት። አባቴ እየሳቀ ነበር የሚያወራው። እትዬ ደብሪቱ ማንቆርቆሪያዋን ታቅፋ፣ ወንድሜን ራሷ የወለደችው ይመስል ታዳምጠዋለች። ከዚያ አባቴ ሳቁን አቆመና "ያን ጊዜስ ከመኪናው ላይ አውርጄው ነበር" አለ።

ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የእኔ ወንድም፣ የእኔ አባት፣ የሚወራው ግን ለእሷ! እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። ወደ እማዬ ቀና ስል ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እትዬ ደብሪቱ ያየችን ያኔ ነው። ብድግ አለች። "ኮቱ፣ ታኢ" አለች በኦሮምኛ፤ ነይ ተቀመጪ ማለቷ ነው። መደቡ ላይ የነበሩት ሰዎች "ኖር" ብለው ተነሱ። አባቴ ግን ዞሮ አየንና መነሳት አቃተው።

እማዬ አልተቀመጠችም። ጣሳውን አቀበለቻትና የትኛው እንደሚሻል በእውነት እንድትፈርድ በሰው ፊት ጠየቀቻት። እትዬ ደብሪቱ ከፈተችው፤ መንገዱ ሲያንገላታው የከረመው ቢራ ቱሽ ብሎ ደረቷን አራሰው። አልተቆጣችም። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ዋጠች። እንደ ራሷ ጠላ ጊዜ ወስዳ ነው የቀመሰችው።

"ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ያንቺው ይበልጣል፣ የደረጀ እናት" አለች። "ሰውዬሽ ግን የልጁን ስም ቤቱ ሆኖ መጥራት ይፈልጋል።"

የደረጀ እናት ብሎ የጠራት ሰው ከነበረ ቆይቶ ነበር። ጠላ ተቀድቶ ተቀምሶ ሲቀርብላት በእጇ ገፋችው፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ወጣች። ቤት እስክንደርስ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ሳይጠራ ቤት መጣ። እማዬ ቢራ ቀዳችለት። ቡፌው ውስጥ አንድ ጣሳ ብቻ ቀርቷል። እሱን እየተመለከተች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ "ያን ለደረጀ ነው ያስቀመጥኩት፤ ሲመጣ ራሱ ይከፍተዋል" አለች። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ቢራ አይወድም እኮ" አላት። "ሲመጣ ይለምዳል" አለችው። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ ቀጥሎ ስለ ደረጀ ሲያወሩ ዋሉ። አባቴ አልፎ አልፎ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ መውረዱን አልተወም፤ እማዬም መከልከሏን ተወች። እኔ ግን አልተውኩም። አባቴ ስለ ደረጀ አንድ ነገር በነገረን ቁጥር ይሄንንም ለእሷ ነግረሃታል ወይ እለዋለሁ። ነግሬያታለሁ ይለኛል። ወሬው ሁሉ መጀመሪያ እሷ መዳፍ ላይ ጠብ ብሎ ነው ወደ እኛ የሚደርሰው፤ ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ሠራዊት በጭነት መኪናም በእግርም መመለስ ጀመረ። እማዬ መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ጉተማ መጣ፤ እግሩ አብጦ፣ ጢሙ ፊቱን ሸፍኖ። ደረጀን መቼ እንዳየው ስንጠይቀው ገና በመጀመሪያው ዓመት ተለያይተናል አለ። ከእትዬ ደብሪቱ ግቢ እልልታ ስጠብቅ ዝም አለ። ኋላ እንደሰማሁት ጎረቤቶቿን የደረጀ እናት ትሰማለች ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ቀርከሃው ላይ የነበረውንም የእኛን ጣሳ ያን ቀን አወረደችው።

በማግስቱ በትንሽ እንስራ ጠላ ይዛ መጣች። ጽዋ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ቀዳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ለእማዬ በሁለት እጇ ዘረጋችላት። እማዬ ጽዋውን አየችና ከዚያ እሷን አየቻት።

"ቀናሁብሽ፣ የጉተማ እናት" አለቻት።

"ቅኚብኝ" አለች እትዬ ደብሪቱ። "እኔም ብሆን እቀና ነበር።"

እማዬ ተቀበለቻትና የዚያችን ሴት ጠላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጣች። እስከ ታቹ ጨረሰችው። "ጌሾው በዝቷል" አለች፤ ጽዋውን ግን እንዲጨመርላት መልሳ ዘረጋችው።

እነሆ ሦስቱም አልፈዋል፣ አባቴም፣ እማዬም፣ እትዬ ደብሪቱም። ቡፌው የእኔ ሆኗል። ለደረጀ የተቀመጠው ጣሳ ሰማያዊው ደብዝዞ፣ ታቹ ትንሽ አብጦ እዚያው እንዳለ ነው፤ ሳጸዳ አነሳውና ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ። ደረጀ ቢመጣ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቀምሼ ነው የምሰጠው። ይህንን የተማርኩት ከእሷ ነው፤ ብቀናባትም።

የሙሽራው አጎት አሁንም ምላሼን ይጠብቅ ነበር። የውጭውን ቀምሼ አላውቅም አልኩት። አንድ አለኝ፣ የሰው ነው።